ሐረጎ ላይ የምትቆመው ሚኒባስ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ዝናብ። መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። እማዬ ልብስ አልደርቅ ብሏት ከሰማዩ ጋር ስትጣላ ዋለች።

ስልኩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ጌሙን አብሮኝ የሚሠራው ፈሪድ መናኸሪያ ሄዶ ተቀበለና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለችው የሥራ ክፍላችን እየሮጠ ይዞት ገባ። ፈታነው... ስልክ ተብሎ ነው እንጂ! ካሜራው ፈሪድን ከመጋረጃው አይለየውም። ሰዓቱን ላስተካክል ስል እንኳን አሰብ አደረገ።

ግን ፈተናችን እሱ ነው። ርካሽ ስልክ የሚሸጠው ድርጅት ያለው ግልጽ ነው፦ ጌማችን በዚህ ስልክ ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይቆም ከሄደ በሚሸጡት ስልክ ሁሉ ላይ ይጭኑታል። ጊዜ የሰጡን እስከ ነሐሴ መጨረሻ። ካልሄደስ? ካልሄደ መስከረም ላይ ሰኞ ገበያ፣ የአጎቴ የጋሽ አግማስ ብርድ ልብስ መደብር ገብቼ እቀመጣለሁ። ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ። ጋሽ አግማስ "ወንጌል፣ ኮምፒውተር መማርሽ አይከፋም፣ ብርድ ልብስም ሒሳብ አለው" አለኝ። ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው።

ብርድ ልብስ... እኔ?

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ፈሪድ ሞከረው። በጌሙ የምንነዳት ሚኒባስ ከደሴ ተነሳች፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረደች፣ ኮምቦልቻ ገባች። ትንሽ ተንቀራፈፈች እንጂ አልቆመችም። ጮህን። ጎረቤት መጥቶ "ምን ሆናችሁ?" አለን።

ከዚያ እኔ ሞከርኩት። አባባ ዳምጤ መረቁ፣ "አሚን" የሚለውን ተጫንኩ፣ ሚኒባሷ ተነሳች፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ... ቀጥ። ስክሪኑ ጠቆረ። ጌሙ ራሱን ዘጋ።

"ምን አደረግሽው?"

"ምንም!"

"በጣትሽ ደቀደቅሽው።"

ኧረ ምንም አልደቀደቅኩም።

አባባ ዳምጤ የፈሪድ አያት ናቸው፣ ሐርቡ ነው የሚኖሩት። ሳይመረቁ መንገድ መውጣት ስለማይሆንልን ፈሪድ ድምፃቸውን ቀድቶ ጌሙ መጀመሪያ ላይ አስገባው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፣ እሳቸው ሳይጨርሱ ሚኒባሷ ንቅንቅ አትልም። ማለፊያ የለውም። "ምርቃት ይቋረጣል እንዴ?" ብሎ ፈሪድ ነው እንደዛ የጻፈው። "መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ" ብለው ይጀምራሉ... ከዚያ ሾፌሩን፣ ረዳቱን፣ ጎማውን፣ መኪና ያመለጠውን ሰው ሳይቀር ይመርቃሉ። እስኪጨርሱ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ።

ሐምሌ 8

የስልኩ ሜሞሪ ጠባብ ነው። ሲሞላበት ጌሙን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ስለዚህ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት። ምን? ባሕር ዛፎቹን። በጣም ብዙ ናቸው፣ ቅጠላቸውም ይወዛወዛል። ቆረጥኳቸው። አንድም ሳይቀር።

ፈሪድ ሞከረ፤ ኮምቦልቻ ገባ።

እኔ ሞከርኩ፤ ኩርባው ላይ ቀጥ።

"ስልኩ ሴት ሾፌር አይወድም መሰለኝ" አለ። በቻርጀር ገመድ መታሁት።

ሐምሌ 11

ዛሬ ጉሙን አወጣሁ። ፈሪድ እንደ ለቀስተኛ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። "ደሴ ያለ ጉም? ሰው ምን ይለናል?" አለ። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ራቁቱን የቀረ ይመስላል። በመስኮት ስመለከት እውነተኛው ጉም እስከ በራችን መጥቶ ቆሟል። ያስቃል።

እሱ ገባ። እኔ ቆምኩ። አሁንስ እየተናደድኩ ነው።

ሐምሌ 15

በጎቹን አወጣሁ። ሎሚ ሻጮቹን አወጣሁ። ቀኝና ግራ ሳያይ የሚመጣውን አይሱዙ አወጣሁ። ፈሪድ "ወይዘሪት መቀስ" የሚል ስም አወጣልኝ።

ያው ነው።

ሐምሌ 16

እጄ ይሞቅ ይሆን? ሙቀት ስልክ ያደክማል ይባላል። የእማዬን የሱፍ ጓንት አድርጌ ሞከርኩ። በጓንት "አሚን" መጫን አልተቻለም። ለማንም አልናገርም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የፈሪድ እህት ነጂባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የሁሉም ስልክ እንደኛው ደካማ ነው፣ አንዳንዱማ ይብሳል። ጌሙን ጫንኩላቸው። አልጋ ላይ ተደርድረው አባባ ዳምጤ ሲመርቁ በአንድ ድምፅ "አሚን!" ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ነጂባ አያቷን ስትሰማ "እንዲህ ናቸው እኮ፣ ወላሂ ሱቅ ስትላኪ ራሱ ይመርቁሻል" አለች።

ከዚያ ኩርባው ላይ ሁሉም ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ።

አንዷ ግን... ኩኩ ትባላለች፣ የቢስቲማ ልጅ ናት፣ ዝምተኛ። እሷ ሲቆምባት ከመጀመሪያው ጀመረችው። ቆመ። ደግሞ ጀመረችው።

"ይቅርታ ኩኩዬ፣ ገና አልተስተካከለም" አልኳት።

"ግድ የለም። እንደገና ልጀምረው።"

እንዳላፍር ብላ ነው መሰለኝ። ጨዋ ልጅ።

ወደ ደሴ ስመለስ ሳስበው... በዓለም ላይ ይህ ጌም የሚሠራው ለፈሪድ ብቻ ነው። ድርጅቱ ፈሪድን ከስልኩ ጋር አይሸጠው!

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሰኞ ገበያ ለእማዬ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ በጋሽ አግማስ መደብር በኩል አለፍኩ። ባላለፍኩ! ወንበር አስመጥቶልኛል። ስፖንጅ ያለው፣ የሚሽከረከር። "ተቀመጪበት እስቲ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ዞርኩ። በቀኝ ብርድ ልብስ፣ በግራ ብርድ ልብስ። ፊት ለፊት ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ።

"ተመቸሽ?"

"ተመችቶኛል ጋሼ።"

ክፋቱ፣ እውነትም ይመቻል። ቤት እስክደርስ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ተገኘ! ተገኘ ተገኘ ተገኘ።

ፈሪድ ሊሞክር ሲል እኔ ሻይ ላመጣ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ቦርሳዬን መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። አባባ ዳምጤ ስክሪኑ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ፈሪድ በአውራ ጣቱ የሚኒባሷን ጣሪያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገ... ሽማግሌው ብን አሉ! ሚኒባሷ ተነሳች።

"ምንድን ነው ያደረግከው?"

ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር።

"ምንም።"

"አያትህ የት ሄዱ?"

"...አለፍኳቸው።"

"ማለፊያ የለውም አላልክም?"

"ላንቺ የለውም። ለሰው የለውም። እኔ ግን ወንጌል... ከተወለድኩ ጀምሮ ነው የሰማሁት። በቀን ስንት ጊዜ ልስማው?"

የሳቅኩት ሳቅ! ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የገዛ አያቱን! እኔ ባዳዋ ቁጭ ብዬ "አሚን፣ አሚን" ስል አንድ ወር ከረምኩ፣ እሱ ጣሪያውን እየነካ ያመልጣል።

ከዚያ ሁለታችንም በአንዴ ተያየን።

"ምርቃቱ ሲያልቅ ከሜሞሪ ይወጣል?" አልኩት።

"...ሲታለፍ ይወጣል፣ ሲያልቅ ግን አይወጣም።"

"ለምን?"

"መሃል ላይ ስልክ ቢደወል እንዳይቋረጥ ብዬ ሙሉውን አንዴ ነው የምከፍተው። ከዚያ... መዝጋቱን ረሳሁት መሰለኝ። መዝጋትም ከበደኝ።"

ዛፍ ስቆርጥ፣ በግ ስነዳ፣ ጉም ስጠርግ ከርሜ! ሚኒባሷ ላይ የተጫነው ምርቃት ነው። ማናችንም እዚያ እንፈልግ አላልንም። ምርቃት ውስጥ ጥፋት ማን ይፈልጋል?

ነሐሴ 6

እንዲህ ቀላል መሰለኝ። አይደለም።

ሲያልቅ እንዲዘጋ አደረግነው። መንገዱ ግን ምርቃቱ ሳያልቅ ቀድሞ ስለሚጫን ሁለቱ ሜሞሪው ውስጥ ተገናኝተው ይጨናነቃሉ፤ አሁንም ኩርባውን አላለፈችም። ድምፁን አሳነስነው፤ አባባ ዳምጤ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚመርቁ መሰሉ። እየቆራረስን በየተራ እንዲከፈት አደረግነው፤ ስልኩ ሊከተል አቅቶት "ጨ... ጨርቅ ያድ... ያድ..." አለ። ፈሪድ "ተብታባ አደረግናቸው" ብሎ ጆሮውን ያዘ።

ስለዚህ ዝም ብዬ መሃሉ ላይ ቆረጥኩት። ጎማው ጋ ሲደርስ "አሚን"። ሚኒባሷ ኮምቦልቻ ገባች፣ በእኔ እጅ! ዞሬ ሳየው ፈሪድ ጃኬቱን እየለበሰ ነው።

"ምነው?"

"አያቴን ቆረጥሻቸው።"

"አያትህን አይደለም፣ ፋይል ነው የቆረጥኩት!"

"ለኔ አንድ ነው።"

"አንተ አይደለህ እንዴ በጣሪያ የምታመልጣቸው?"

ማለት አልነበረብኝም። ወጣ።

ነሐሴ 8

አልመጣም። ስልክም አያነሳም።

እማዬ ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ ነገር ከጠየቅኳት "ታገሺ" ብቻ ነው መልሷ። የሥራ ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ምርቃቱን ወደነበረበት መለስኩት። ከዚያ ከፍቼ ሙሉውን ሰማሁት። ሻይ ሳልጠጣ። መኪና ያመለጠው ሰው ጋ ሲደርሱ "ሌላ ያምጣለት፣ ከኋላ የቀረ አይቅር" ይላሉ። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

አሚን አልኩ። ብቻዬን!

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት ፈሪድ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ሐርቡ እንሂድ። አጭር ምርቃት እንጠይቃቸው። ግን አንቺ ንገሪያቸው፣ እኔ አልችልም።"

ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ነው የሚሄደው። ፈሪድ ወደኔ ሳያይ "አውፍ በይኝ" አለ። እኔም ይቅር በለኝ አልኩት። ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ፣ ሐርቡ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ።

አባባ ዳምጤ ከድምፃቸው ያነሱ ናቸው። ቀጭን፣ ትንሽ ሰውዬ። "ግቡ፣ ግቡ። ወንጌላዊት አንቺ ነሽ? ማሻ አላህ። ፈሪድ ስላንቺ ሲያወራ አይደክመውም" አሉ። ፈሪድ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ምሳ ቀረበ። "ጾማችሁ መግባቱን አውቃለሁ ልጄ፣ ሽሮ ነው። በዘይት ነው የተሠራው፣ አብሽሪ፣ አታስቢ።"

እንዲህ ያለ ሰው ምርቃትዎን ያሳጥሩ ይባላል? ስልኩን ሰጠኋቸው። የራሳቸውን ምርቃት እጃቸውን ዘርግተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አሚን አሉ። ሚኒባሷ ተነሳች፣ ኩርባው ላይ ቀጥ።

"ምን ሆነች?"

"አባባ... ስልኩ ትንሽ ነው። ምርቃትዎ ከበደው።"

"ምኑ ከበደው?"

"ርዝመቱ።"

ፈሪድ ምንጣፉ ላይ ያለውን አበባ ያጠናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ አባባ ዳምጤ ቀስ ብለው ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ።

"አንተ አይደለህም እንዴ ረዘም ያርጉት ያልከኝ?"

"...ነኝ አባባ።"

"ወላሂ እኔ ያን ቀን ለአሱር ሶላት ቸኩያለሁ! ልጨርስ ስል ‘ትንሽ ይጨምሩ አባባ’። ልጨርስ ስል ‘ትንሽ’። የምለው ቢያልቅብኝ ነው እኮ ጎማውን የመረቅሁ! ማን ጎማ ይመርቃል?"

ሳቄን በሽሮው ዋጥኩት። ፈሪድ ግን አልሳቀም። "ድምፅዎ እንዲቀርልኝ ነው" አለ። ልጅ ሆኖ ነው ያለው፣ እንደዛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ሽማግሌው እጃቸውን አናቱ ላይ ጫኑ። "እዚሁ ነኝ እኮ። ወዴት ልሄድ ነው?" አሉት። ትንሽ ቆይተው "በል ክፈተው መቅጃውን" አሉ።

"መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ። በሰላም ግቡ።"

አሚን። በቃ። መጨረሻው ላይ የጎረቤት ፍየል አለች፣ አልቆረጥኳትም።

ፈሪድ በጣሪያ እንደሚያመልጥ አልነገርኳቸውም። ይቆይ። አንድ ቀን ይጠቅመኛል።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ገባች! በእኔ እጅ፣ ያለ ጓንት! ባሕር ዛፎቹን መለስን፣ በጎቹን መለስን፣ ሎሚ ሻጮቹን፣ ያንን ባለጌ አይሱዙ። ጉሙንም። አሁንም ገባች።

ረጅሙ ምርቃትስ? ፈሪድ አልጠየቀኝም፣ ግን ዓይኑ ይጠይቃል። ኮምቦልቻ ሲገባ መንገዱ ከሜሞሪ ይወጣል፤ ያኔ ስልኩ ባዶውን ነው። እዚያ አስገባሁት። ሚኒባሷ ቆማ፣ ሰው ወርዶ፣ አባባ ዳምጤ ይጠብቃሉ። መስማት የፈለገ ይሰማል፣ ያልፈለገ ይወጣል።

"ደርሶ መመረቅ አለ?" አለኝ።

"መመለሻም አለ አይደል?"

ስቆ ቀጠለ። ወይዘሪት መቀስ ዛሬ ስትሰፋ ዋለች።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ኮምቦልቻ፣ ነጂባ ክፍል። ማንም ላይ አልቆመም! ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ሐረጎን ይወርዳሉ፣ በግ ይገጫሉ፣ ይንጫጫሉ። ሲደርሱ ወጥተው እንደገና ይጀምራሉ። ረጅሙን የሚሰማ የለም።

ከኩኩ በቀር። ከፈረቃ ገና መግባቷ ነው፣ ጥጥ ፀጉሯ ላይ አለ። በቀስታ፣ አንድ በግ ሳትነካ ነዳች። ደረሰች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ አባባ ዳምጤ እስኪጨርሱ። ከዚያ ፊቷን ዳበሰች።

"ድሮም እኮ ለምርቃቱ ነው የምትከፍተው" አለችኝ ነጂባ በጆሮዬ። "ኩርባው ላይ ቢቆምባት ምን ገዷት?"

እኔ እኮ እንዳላፍር ብላ መስሎኝ ነበር!

በኋላ በር ላይ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። ዓይኗን ከጫማዋ ሳታነሳ ነገረችኝ። "አባቴ ፋብሪካ አትገቢም ብሎኝ ነበር። በጓሮ ነው የወጣሁ። ሰው ሁሉ ተመርቆ ይወጣል፣ እኔ እንደ ሌባ። እስካሁንም አልደወልሁለት።"

እጇን ያዝኳት። የሷ እጅ ሻካራ ነው፣ የኔ ሞኝ።

ነሐሴ 26

ላክነው። አሁን መጠበቅ። ጋሽ አግማስ ወንበሩን በላስቲክ ሸፍኖታል፣ አቧራ እንዳይነካው።

መስከረም 5፣ ሰኞ

ድርጅቱ ደወለ። ፈሪድ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተው። ሰውየው ደስ የሚል ድምፅ አለው። ከመነሻ እስከ መድረሻ አልቆመም፣ ወደነዋል፣ ልንጭነው ነው... ፈሪድ ክንዴን ጨመቀው።

"አንድ ነገር ብቻ። መጨረሻ ላይ ያለው ረጅም ንግግር ይውጣ። ቦታ ይይዛል። ተጫዋቹ ከደረሰ በኋላ ምን ያደርግለታል?"

ፈሪድ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

"አይወጣም።"

"እንዴት?"

"አይወጣም። ሌላ የፈለጋችሁትን እቀንሳለሁ። ጉሙን ውሰዱ። እሱ አይወጣም።"

ነብሩ ያለበት ብርድ ልብስ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሰውየው "እንግዲህ ተነጋግረን እንደውላለን" ብሎ ዘጋ። ፈሪድ አፈጠጠብኝ። "አንቺ ነሽ? ወይዘሪት መቀስ?" አለኝ። ስለ ኩኩ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

መስከረም 9

"ይቆይ" አሉ! ጉሙንም አልወሰዱም።

እማዬ እልል አለች። ጋሽ አግማስ አዝኖ ደስ አለው፣ ወይም ደስ ብሎት አዘነ። ከሰዓት ወንበሩን በባጃጅ ላከልኝ። አሁን የምጽፈው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ፈሪድ በየተራ ይሁን ይላል። አልሰማሁም።

መስከረም 20

ጠዋት ጉም። እማዬ ልብሱን አስጥታ አስገባችው፣ አስገብታ አሰጣችው። መብራት አለ።

ኩኩ ዕረፍት አግኝታ ቢስቲማ እንደምትሄድ ነጂባ ነግራኝ ነበር። ስትሄድ ለአባቷ አልደወለችም፣ ፈርታለች። "በሩ ላይ ቆሜ ካባረረኝ እመለሳለሁ" ብላ ነው የወጣችው። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅ የለም። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን እያየሁ... ፈሪድም አንገቱን አስግጎ ያያል።

አሁን መልእክቷ ደረሰኝ። እንዳለ ልገልብጠው፦

"ወደ ኮምቦልቻ እየተመለስሁ ነው። አባቴ መረቀኝ። ከፈሪድ አያት ይረዝማል። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ቢጠራኝም አባቴ እስኪጨርስ ቆምሁ።"